ሊቀመንበሩ ያልሻገተበት ክረምት

ሥራ የጀመርኩት በሰኔ መጨረሻ፣ ሰኞ ጠዋት ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ ውጤት እጠብቅ ነበር። የባዮሎጂ አስተማሪያችን ቲቸር ሙሉጌታ ከተከራዩበት ቤት ደጃፍ ላይ ቆመው አንድ ወረቀት ሰጡኝ። ወረቀቱ «ጉዳዩ፦ የጊንጥ ተንከባካቢ ቅጥርን ይመለከታል» ይላል። ከሥር ፈርመውበታል። ማኅተም ስላልነበረው ይቅርታ ጠየቁኝ።

«ቅጥሩ ለአንድ ክረምት ነው» አሉኝ። «ተጠሪነትሽ ለሊቀመንበሩ ነው።»

ሊቀመንበሩ ጊንጡ ነው። በትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ ምርጫ ሲደረግ ለሊቀመንበርነት እጩ ጠፋ። አንዱ ሌላውን ይጠቁማል፣ የተጠቆመው ደግሞ ጥናት አለብኝ ይላል። በመጨረሻ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ልጅ ጊንጡን ጠቆመ። ጊንጡ ስላልተቃወመ በሙሉ ድምፅ ተመረጠ። እኔ ጸሐፊ ነበርኩ። ስለዚህ ቅጥሩ በማዕረግ በኩል ያመጣልኝ ለውጥ አልነበረም። ድሮም አለቃዬ እሱ ነው።

አሁን የዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ይህን የምጽፈው ክበቡ ከእኔ በኋላ ሥራውን ለሚረከቡ ልጆች ልምድሽን ጻፊልን ስላለኝ ነው። የሠራሁት አንድ ክረምት ብቻ ነው። ሆኖም በላስታ ውስጥ በዚህ ሙያ ከእኔ የበለጠ የቆየ ሰው አላውቅም።

ሥራው ለምን እንዳስፈለገ ልናገር። ቲቸር ሙሉጌታ በየክረምቱ ለዲግሪ ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሄዱ ነበር። እኔ ከመቀጠሬ በፊት በነበረው ክረምት የመጀመሪያውን ጊንጥ ሳጥኑ ውስጥ ትተው፣ ቤቱን ቆልፈው ሄዱ። መስከረም ላይ ሲመለሱ ያዩት ጥጥ የመሰለ ሻጋታ ብቻ ነው። ጊንጡ ከጥጡ ሥር ነበር። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ለአንድ ወር «የቲቸር ጥጥ» ሲባል ከረመ።

በቀጠሩኝ ዓመት ይህን ሁለተኛውን ጊንጥ ከአሸተን ማርያም መውጫ መንገድ፣ ከድንጋይ ሥር አገኙት። በቤተ ሙከራው ውስጥ መደርደሪያ እንዲሰጠው ጠየቁ። ርእሰ መምህሩ «ክረምቱን በሕይወት ከተሻገረ መደርደሪያ አለው፤ ይኼም ከሻገተ ግን ስለ ጊንጥ ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ» አሏቸው።

«ይኼኛው ከሻገተ እኔም አብሬው ነው የምሻግተው» አሉኝ ቲቸር። «እየቀለድኩ አይደለም።»

አደራውን በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

ሳጥኑ ድሮ ሱቅ ውስጥ ብስኩት ይደረደርበት የነበረ መስታወት ነው። አንዱ ጎኑ ተሰንጥቆ በፕላስተር ተይዟል። ክዳኑ በእንጨት ፍሬም ላይ የተመታ የወንፊት ሽቦ ነው፤ አየር የሚገባውና እርጥበት የሚወጣው በዚያ ነው። ውስጡ አራት ጣት የሚሆን አሸዋ፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይና ለውኃ መጠጫ የሚሆን አንድ የለስላሳ ቆርኪ አለ። ለእኔ የተሰጡኝ መሣሪያዎች ረጅም ጉጠት፣ ወረንጦ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ማንኪያ፣ ደብተር እና አንድ ስባሪ አሞሌ ጨው ናቸው።

«አሞሌው ለምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኩ።

«የእርጥበት መለኪያ የለንም። ከሳጥኑ አጠገብ አስቀምጪው። ካላበው አየሩ እርጥብ ነው ማለት ነው። ያን ቀን ሳጥኑን ወደ በሩ አስጠጊው፣ ውኃም አትጨምሪ።»

የቤቱ ባለቤት መሪጌታ ላቀው ይህን ሁሉ ከደጃፋቸው ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። ቅኔና ዜማ የሚያስተምሩ ትልቅ ሰው ናቸው።

«አውሬው ሠራተኛ ቀጠረ?» አሉኝ።

«አዎ መሪጌታ።»

«እኔ ይኼን ያህል ዘመን ሳስተምር አንድ ሠራተኛ አልቀጠርኩም። በምን ዕውቀቱ ነው?»

የቤቱ ቁልፍ ሁለት ነበር። አንዱን ተረከብኩ። ሌላው በመሪጌታ ነጠላ ጫፍ ላይ ታስሮ ነበር። ይህን የመጀመሪያ ቀን አይቻለሁ። ደብተሬ ላይ ግን አልጻፍኩትም።

በመጀመሪያው ሳምንት የተቻለኝን ሁሉ አደረግኩ። ጠዋት አንድ፣ ቀን አንድ፣ ማታ አንድ ፌንጣ እሰጠው ነበር። ቆርኪውን እስከ አፉ እሞላለሁ። ድንጋዩን በየሁለት ቀኑ በሳሙና አጥቤ እመልሳለሁ። በአምስተኛው ቀን አንድ ያልተበላ የፌንጣ ጭን ላይ ነጭ ፀጉር በቅሎ አየሁ።

ቲቸር እሑድ እሑድ በመሪጌታ ስልክ ይደውሉ ነበር። መሪጌታ ስልክ የሚያናግረው ባለቤቱ ነው ብለው ስለሚያምኑ ለማንም አይሰጡም። ስለዚህ የሥራ ሪፖርቴ በእሳቸው በኩል ያልፋል።

«በቀን ስንት ፌንጣ ትሰጠዋለች ይላል።»

«ሦስት ይበሏቸው።»

መሪጌታ ስልኩን ከጆሯቸው አራቁት። «በቀን ሦስት? እኔ እንኳ በቀን ሦስቴ አልበላም።» ከዚያ መለሱትና አዳመጡ። «በሳምንት አንድ ይበቃዋል ይላል። የተረፈውን በማግስቱ በወረንጦ ልቀሚ ይላል። ድንጋዩን ለምን አጠብሽው ይላል።»

«ንጹሕ እንዲሆን ብዬ ነው።»

«ንጹሕ እንዲሆን ብዬ ነው ትላለች» አሉ ወደ ስልኩ። አዳመጡ። «እየሳቀ ነው። አይ፣ ቆይ፣ እየሳለ ነው መሰለኝ። አሸዋውን አውጥተሽ ቁዪው፣ ሻጋታው በእሳት ይሞታል ይላል። አሸዋ ቁዪ ነው ያልከው? አዎ፣ አሸዋ ቁዪ ነው የሚለው።»

አሸዋ የሚቆላበት ምጣድ አልነበረኝም። የመሪጌታን ባለቤት እትዬ አስካለን የቆሎ ብረት ምጣዳቸውን ለመንኳቸው፤ ለምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ሰጡኝ። ሊቀመንበሩን በጉጠት አንስቼ አንድ ባዶ ጣሳ ውስጥ አስገባሁት፣ ክዳኑን ገጠምኩና አሸዋውን ማማሰል ጀመርኩ። እትዬ አስካለ ድምፁን ሰምተው መጡ።

«ምንድን ነው የምትቆዪው?»

«አሸዋ ነው እትዬ።»

«ገብስ ቸግሯችሁ ነው?»

«አይደለም። የሊቀመንበሩ ነው።»

ምጣዱን ጎንበስ ብለው አዩት። «ጥርሱ ጠንካራ ነው ማለት ነዋ» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ብዙም ሳይቆዩ ጤፍ ሊሰፍሩ ጣሳቸውን ፈለጉ። እኔ ባዶ መስሎኝ ያነሣሁት የእሳቸው መስፈሪያ ነበር። ክዳኑን ከፈቱ፣ ወደ ውስጥ አዩ፣ መልሰው ገጠሙት። ፊታቸው ላይ ምንም አልተለወጠም።

«ዝናሽ» ብለው ጠሩኝ። «ሊቀመንበርሽን ከጣሳዬ አውጪልኝ። ሰው ሊበደረን መጥቷል።»

ከዚያ በኋላ ሐምሌ ሙሉ ሥራዬ ተስተካከለ። አሞሌው በየቀኑ ያልበዋል፣ ጉሙም እስከ በሩ ይመጣል። እኔ ግን ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ሳጥኑን ወደ በሩ አወጣለሁ። ፌንጣ በሳምንት አንድ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እሰጣለሁ። እሑድ ጠዋት ክንፍና እግሩን እለቅማለሁ። ቆርኪው ውስጥ ጥቂት ጠብታ ብቻ ነው ያለው። የመስታወቱን ጥግ በደረቅ ብሩሽ እጠርጋለሁ። ወንፊቱ ላይ ምንም ነገር አላስቀምጥም። ደብተሬ በየገጹ «ዛሬ ሻጋታ የለም» ይላል። በጣም ደስ ብሎኝ አንዳንዱን ቀን ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ።

ችግሩ የመጣው ፍልሰታ ሲገባ ነው። ዝናቡ ለጥቂት ቀናት አረፍ ብሎ ነበር። አሞሌው ደርቆ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ሳጥኑን ስከፍት ግን አሸዋው ረጥቧል። ደረቅ አሸዋ ከላይ ጨመርኩበት። በማግስቱም ረጥቦ አገኘሁት። ቅዳሜ ያስገባሁት ፌንጣ ክንፉ እንኳ ሳይቀር ጠፍቷል። «ሙሉ በሙሉ በልቷል፣ የምግብ ፍላጎቱ ጥሩ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

በአራተኛው ቀን ከድንጋዩ ጀርባ አንድ የተቀቀለ ባቄላ አገኘሁ። አረንጓዴ ፀጉር አብቅሏል። ባቄላውን በወረንጦ ይዤ ብዙ ቆየሁ። ሊቀመንበሩ ባቄላ ከየት እንዳመጣ ሊገባኝ አልቻለም።

እሱ ራሱ ከድንጋዩ ሥር ወጥቶ መስታወቱ ጥግ ላይ እግሩን ዘርግቶ ቆሟል፤ አሸዋውን መንካት የጠላ ይመስላል። በአንዱ የኋላ እግሩ መገጣጠሚያ ላይ ነጭ ነጥብ አለ። ቲቸር ስለ ጥጡ የነገሩኝ ሁሉ ትዝ አለኝ።

እሑድ ስልኩ ሲደወል መሪጌታ አጠገብ ቆሜ ሁሉንም አስረዳሁ።

«አሸዋው ላይ ውኃ የሚያፈስ ሰው አለ ወይ ይላል» አሉኝ። እኔ ከመመለሴ በፊት ግን ራሳቸው መለሱ። «ማንም የለም። ቁልፉ እኔና እሷ ጋ ነው ያለው። እኔ ውኃ አላፈሰስኩም፣ እሷም አላፈሰሰች።»

መሪጌታ ውሸት እንደማይናገሩ አገር ያውቃል። ስለዚህ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ደመደምኩ። በትምህርት ቤት እንደለመድነው ግምገማ አካሄድኩ። በስብሰባው የተገኘነው እኔና ሊቀመንበሩ ነን። ጠንካራ ጎን ብዬ «ሰዓት ታከብራለች» አልኩ። ደካማ ጎን ብዬ ሰባት ነጥብ ጻፍኩ። ከዚያ ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ ለማየት አንድ ሙሉ ጠዋት ሳፋ ይዤ ቆርቆሮውን ሽቅብ ሳይ ዋልኩ። አንገቴ ታመመ እንጂ አንድ ጠብታ አልወረደም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ቅዳሴ እንደወጣ፣ ወረንጦዬን ረስቼ ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። መሪጌታ ውስጥ ናቸው። ነጠላቸውን መስቀለኛ እንዳጣፉ፣ በእጃቸው ጠበል የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘዋል። የቲቸርን አልጋ ረጩ። መጽሐፎቹን ረጩ። ከዚያ የሳጥኑን ክዳን በጥንቃቄ አነሡና ሦስት ጊዜ ረጩ። ሊያበረታው ይችላል ብዬ ጠዋት ያስገባሁትን ፌንጣ በወረንጦዬ ይዘው በመስኮት ለቀቁት። ከመዳፋቸው አንድ ፍሬ ንፍሮ አውጥተው ከድንጋዩ ጀርባ አኖሩ። ወረንጦውን ጠርገው እኔ ከማስቀምጥበት ቦታ መለሱት።

«መሪጌታ» አልኩ።

«ግቢ» አሉኝ ሳይደነግጡ። «አንቺም ትረጫለሽ።»

ረጩኝ። አሜን አልኩ። ከዚያ ምን እያደረጉ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ፍልሰታ ነው። ቤቱን ረጭቻለሁ፣ ላሟን ረጭቻለሁ፣ ቀፎውን ረጭቻለሁ። እሱን ብቻ ልዝለለው? በእኔ ጣሪያ ሥር ነው ያለው።»

«ፌንጣውስ?»

«ሥጋ ነው።»

«እሱ እኮ ጊንጥ ነው መሪጌታ።»

«በነነዌ ከብቱም ጾሟል። ተጽፏል። ጊንጥ ይብላ የሚል ግን አላነበብኩም። ጦሙን እንዳይውል ብዬ ንፍሮ አመጣሁለት።»

«ለቲቸር ግን ውኃ አላፈሰስኩም አሏቸው።»

መሪጌታ ከልባቸው ተገረሙ። «ውኃ መቼ አፈሰስኩ? ይኼ ጠበል ነው።»

ትልቅ ሰው ናቸው፣ የተናገሩትም በእሳቸው በኩል እውነት ነው። ደብተሬን ገልጬ አሞሌው የደረቀበትንና አሸዋው የረጠበበትን ቀን አሳየኋቸው። ከወረቀት ጠቅልዬ ያስቀመጥኩትን ባቄላ ፈታሁት። መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ከዚያ የሊቀመንበሩን እግር አሳየኋቸው።

«በዚሁ ከቀጠለ» አልኩ «እንደ አምናው ይሆናል።»

መሪጌታ የቲቸር አልጋ ላይ ቁጭ አሉ። ጠርሙሱን ከጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«አምናም ረጭቼዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «የደከመ ቢመስለኝ ጊዜ አብዝቼ ረጨሁት። ንፍሮውንም በጭብጥ ነበር የሰጠሁት።»

መሪጌታ የጠርሙሱን ክዳን አጠበቁ።

«አትንገሪው አልልሽም» አሉ በመጨረሻ። «ግን እኔው ልንገረው።»

ከዚያ ስለ አሠራሩ ተነጋገርን። ጠበሉ እንዲቀር አልጠየቅኩም፤ የጠየቅኩት መጠኑን ነው። መሪጌታ አሰቡበት። «ለጨቅላ በጠብታ ነው የሚሰጠው» አሉ። እኔም ቆርኪውን አሳየኋቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሊቀመንበሩ የመጠጥ ውኃ በሳምንት ሁለት ጠብታ ጠበል ሆነ። በስንደዶ ጫፍ የሚያንጠባጥቡለት እሳቸው ናቸው፤ የምቆጥረው እኔ ነኝ።

ስለ ምግቡ ደግሞ ከባዮሎጂ ትምህርት የማስታውሰውን ነገርኳቸው። ጊንጥ የጠገበ ከሆነ ከወር በላይ ሳይበላ ይቆያል።

«ከንፍሮውም ይጦማል?» አሉኝ።

«ከንፍሮውም።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስከ ጾሙ ፍቺ ድረስ፣ ቀንም ሌሊትም።»

መሪጌታ ሳጥኑን በአዲስ ዓይን አዩት። «ይኼስ ከእኔ በለጠ» አሉ።

አሸዋውን እንደገና አወጣን። በዚህ ጊዜ እትዬ አስካለ ሳልለምናቸው ምጣዱን ጥደው ጠበቁኝ። «ለሊቀመንበሩ ቆሎ ደርሷል» አሉ። ጣሳቸውን ግን ከጓዳ ቆልፈውበታል። ሊቀመንበሩን በጉጠት ይዤ ነጩን ነጥብ በደረቅ የዶሮ ላባ ጠረግኩት። ከዚያ በደረቁ አሸዋ ላይ አኖርኩት። ከድንጋዩ ሥር ገባ። ሦስት ቀን አልወጣም።

በእነዚያ ቀናት መሪጌታ ከደቀ መዛሙርታቸው መካከል ተነሥተው እየመጡ በመስኮት ይጠይቁኝ ነበር።

«ተነቃነቀ?»

«አልተነቃነቀም መሪጌታ።»

«ይጸልይ ይሆናል» ብለው ይመለሳሉ። ድምፃቸው ግን እንደ ቀልደኛ ሰው አልነበረም።

እሑድ ስልኩ ሲደወል መሪጌታ ከደጃፉ ራቅ ብለው ከግራር ሥር ቆሙ። ብዙ ተናገሩ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ እንደገና ተናገሩ። ከዚያ አዳመጡ። ወደ እኔ መጥተው፣ ክረምቱን ሙሉ ያላደረጉትን አደረጉ። ስልኩን ሰጡኝ።

«እንኪ፣ አንቺን ይፈልጋል።»

«ሰማሽ?» አሉኝ ቲቸር። «አንድ ዓመት ሙሉ ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ነበር። የአሸዋው ዓይነት ነው ብዬ አንድ ሙሉ ወረቀት ጽፌ አስተማሪዬ ፊት አቅርቤበታለሁ።»

«ወረቀቱ ምን አገኘ ቲቸር?»

«ጥሩ ውጤት አገኘ» አሉ። «መሪጌታን በርቱ በያቸው። ሊቀመንበሩስ አለ?»

«ከድንጋዩ ሥር ነው። አልወጣም።»

«ጠብቂው» አሉኝ።

ጠበቅኩት። ደብተሬ ላይ የምጽፈው ስላልነበረኝ «እጠብቃለሁ» ብዬ ጻፍኩ።

የፍልሰታ ጾም በተፈታበት ጠዋት ቤቱ ሁሉ ዶሮ ይሸታል። መሪጌታ ከቤተ ክርስቲያን ሲመጡ ወደ ማዕዳቸው አልሄዱም። በቀጥታ ወደ እኔ መጡና የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። ከቁልፉ ጎን፣ በቅጠል የተጠቀለለ አንድ ወፍራም ፌንጣ ነበር። ከደብሩ በታች ካለው ሣር ውስጥ ራሳቸው ይዘውት ነው።

«ጾሙን ይፍታ» አሉ። «ከእኛ ቀድሞ ይብላ፤ ከእኛ በላይ ጾሟል።»

ፌንጣውን በወረንጦ አስገባሁት። መሪጌታ ቆመው ጠበቁ። እትዬ አስካለ ወጡ ይቀዘቅዛል ብለው ሁለት ጊዜ ተጣሩ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ከድንጋዩ ሥር አንድ መቆንጠጫ ወጣ፣ ከዚያ ሌላው። የኋላ እግሩ ላይ ነጥብ የለም። ፌንጣውን ይዞ ተመለሰ።

መሪጌታ ሄደው ዶሯቸውን በሉ። በማግስቱ ጠዋት የተረፈውን ክንፍ ለመልቀም ስመጣ ቀድመውኝ ለቅመው፣ ወረንጦውን ጠርገው፣ ቦታው መልሰውታል።

ቲቸር ሙሉጌታ በጳጉሜን ተመለሱ። ሳጥኑን በአራቱም ጎን አዩት፣ አሸዋውን በጣታቸው ነኩት፣ ደብተሬን ከዳር እስከ ዳር አነበቡ። ባቄላው የተገኘበት ገጽ ላይ ብዙ ቆዩ። ከዚያ መሪጌታ ደጃፍ ሄደው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሲሳሳቁ ሰማሁ። መስከረም ላይ ሊቀመንበሩ በቤተ ሙከራው መደርደሪያ አገኘ። ክበቡ ሌላ ምርጫ አላደረገም።

ሥራውን ለምትረከቡ ልጆች የምለው ይህ ነው። አሸዋውን ቁሉ። የተረፈውን በማግስቱ ልቀሙ። ወንፊቱን አትሸፍኑ። ውኃውን በጠብታ ስጡ። አሞሌው ደርቆ አሸዋው ረጥቦ ካገኛችሁት ችግሩ ከአየሩ አይደለም፤ ሌላ ቁልፍ ያለው ሰው አለ። ያን ሰው ጠይቁት። እኔ ሳልጠይቅ ጣሪያ ሳይ ዋልኩ።